ከሌላ ሰው ሰርቨር ኮድ እየጠሩ የወርቅ ቤት ድረ ገጽ መሥራት፦ ማንን አስፈቀድን?

ብራና ፋቂ (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ላለ አንድ ወርቅ ቤት ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ የጌጣጌጥ ፎቶዎች፣ የግራም ዋጋ ከወር ወር እንዴት እንደሄደ የሚያሳይ ሥዕላዊ ሠንጠረዥ፣ የማዘዣ ቅጽ፣ ቀለበት ለሚያሠራ ደንበኛ በቴሌብር ቀብድ መክፈያ። ትናንት ለባለቤቱ ላሳይ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን ፊት የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ገጹን ስልካቸው ላይ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ካንከባለሉት በኋላ «ይህን ሁሉ አንተ ነህ የጻፍከው?» አሉኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። ፎቶዎቹን የሚያንሸራትተው፣ ማውጫውን የሚከፍተው፣ ምልክቶቹን የሚስለው ኮድ የሌሎች ሰዎች እንደሆነ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከእነርሱ ሰርቨር እየተጠራ እንደሚመጣ ነገርኳቸው።

«ስንት ከፈልክ?»

«ምንም። በነጻ ነው።»

«ማንን አስፈቀድክ?»

«ማንንም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁትን ወርቅ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡኝም አልገዛም። አጣርተህ ና» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ሻዩን ጠጥቼ እናንተ ዘንድ መጣሁ። የምጠራቸው እነዚህ ናቸው፦ ማውጫውን የሚከፍተው ጄኬሪ ከጉግል፣ የገጹን መልክ የሚያሰናዳው ቡትስትራፕ ጄኤስዴሊቨር ከሚባል ኮድ አዳይ ሰርቨር፣ ምልክቶቹን የሚስለው ፎንት ኦሰም ከሌላው አዳይ ከሲዲኤንጄኤስ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከጉግል ፎንትስ፣ ሠንጠረዡን የሚስለው ሃይቻርትስ ከራሱ ሰርቨር። ከድሮ ሥራዬ ከወሰድኩት ቴምፕሌት (ዝግጁ የገጽ ቅርጽ) የተረፈ፣ አሮጌ ብራውዘሮችን የሚያግዝ አንድ መስመርም አለ። ገጹ የንግድ ነው። ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ሽማግሌውን ምን ልበላቸው?

ሰባራ ባቡር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ለዚህም ክር ይከፈታል? የዓለም ድረ ገጽ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባንኩም፣ ጋዜጣውም፣ አየር መንገዱም ከሌላ ቦታ ኮድ ይጠራል። «ተፈቅዷል» በላቸውና ቀሪ ክፍያህን ተቀበል።

ሰርቨር ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡04

ሰባራ ባቡር፣ «ሁሉም ያደርገዋል» ለባለ ወርቅ ቤት መልስ አይሆንም። የተሰረቀ ወርቅም ገዢ አጥቶ አያውቅም።

ብራና ፋቂ፣ ሽማግሌው የጠየቁህ አንድ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሦስት አለ። ኮዱን የጻፈው ሰው ፈቅዶልሃል? ኮዱን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ የሚያድለው ድርጅትስ ከእርሱ እንድትጠራ ፈቅዶልሃል? ሦስተኛው ከፈቃድ ጋር ጉዳይ የለውም፦ ነገ በዚያው አድራሻ የሚመጣው ኮድ የዛሬው ስለመሆኑ ዋስህ ማን ነው?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ጄኬሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣ ጀምሮ ክፍት ነው፤ እርሱም ቡትስትራፕም ዛሬ ያሉት ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ ሥር ነው። የፈቃዱ ጽሑፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ተጠቀም፣ ቅዳ፣ ለውጥ፣ አሠራጭ፣ ሽጥ ይላል፤ «ሽጥ» የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። የሚጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለመብቱን ስም የያዘውን መስመርና የፈቃዱን ጽሑፍ ከኮዱ ላይ እንዳትፍቅ። መጨረሻው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው አንቀጽ ደግሞ ኮዱ የተሰጠህ እንዳለ ነው፣ ቢያበላሽብህ ጸሐፊው አይጠየቅም የሚል ነው። የሚዘለለው እርሱ ነው።

ሁለተኛውም አያስጨንቅም። ጉግል የታወቁ ላይብረሪዎችን (ሌሎች እንዲጠቀሙባቸው የተዘጋጁ የኮድ ስብስቦችን) ለሕዝብ ማደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ሲዲኤንጄኤስ በ2011፣ ጄኤስዴሊቨር በ2012 ተከተሉ። የንግድ ድረ ገጽ ነህ ብሎ የሚመልስህ ከመካከላቸው የለም። ነገር ግን ደንበኛቸው አይደለህም። ደረሰኝ የለህም፣ ውል የለህም፣ ሌሊት ቢቋረጥ የምትደውልለት ሰው የለህም። እነርሱ ባይበድሉህም ምንም ቃል አልገቡልህም።

ሦስተኛውን ነገ እመለስበታለሁ። መብራት ሊሄድ ነው መሰለኝ፣ ባትሪው እየጮኸ ነው።

የልደታው ጠበቃ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ኮድ አልጽፍም፤ ጥብቅና ላይ ነኝ፤ ይህን መድረክ የማነበው ለደንበኞቼ ስል ነው። የሽማግሌው ጥያቄ በጣም ደስ አለኝ።

በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከሥዕል እኩል ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ላገኛችሁት ኮድ ሁሉ መነሻው «ባለቤት አለው» የሚለው ነው። ፈቃድ ካልተጻፈበት ፈቃድ የለም፤ ዝም ያለ ሰው ፈቅዷል አይባልም።

ሌላው «ነጻ» የሚለው ቃል ነው። ብራና ፋቂ ለሽማግሌው «በነጻ ነው» አልካቸው። «በነጻ» እና «ነጻ» በአንዲት ፊደል ቢለያዩም በፍርድ ቤት ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በነጻ የተሰጠህ ነገር ዋጋ አልተጠየቀበትም፤ ገደብ ግን ሊኖርበት ይችላል። ሠርግ ቤት ምግቡ በነጻ ነው፤ ድስቱን ተሸክመህ ግን አትወጣም።

ስለዚህ ዝርዝርህን አንድ በአንድ ሂድበት። ኤምአይቲ ሰርቨር ጠባቂ እንዳለው ነው። አፓቼ 2.0 የሚባለው ፈቃድም ለንግድ ክፍት ነው፤ ለውጥ ካደረግህ መለወጥህን እንድትገልጽ ይጠይቃል፣ ስለ ፈጠራ ባለቤትነት መብትም (ፓተንት) የራሱ አንቀጽ አለው። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ላይ ቆም በል። ንግድን አይከለክልም፤ ነገር ግን ኮዱን ከራስህ ጋር አዋህደህ ስታሠራጭ የራስህንም በዚያው ፈቃድ ክፈት ይልሃል። እንዲህ ያለው የድረ ገጽ ኮድ የሚጻፍበት ጃቫስክሪፕት ደግሞ ወደ ጎብኚው ብራውዘር ስለሚላክ «ማሠራጨት ነው» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ወንድሞቼ፣ ስለ ጄኬሪ ይህን ሁሉ ስትጽፉ ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሌላ ስም ያየ የለም? ሃይቻርትስ!

ሊንኩን ገልብጠህ ስትለጥፈው ቁልፍ አይጠይቅህም፣ ክፍያ አይጠይቅህም፣ ሠንጠረዡም ያምርልሃል። ፈቃዱ ግን በነጻ የሚሰጠው ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ነው። ለንግድ ከሆነ ትገዛለህ። ወርቅ ቤት ደግሞ ከንግድ ሌላ ምን ይባላል?

እኔን የነካኝ ነው። ካዛንቺስ ቢሮ ለነበረው አንድ አስመጪ የሽያጭ መከታተያ ገጽ ሠርቼ፣ ከውጭ የመጣ ኦዲተር የምትጠቀሙበትን ላይብረሪ ሁሉ ከነፈቃዱ ዘርዝሩ አለ። ዘረዘርኩ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አሥራ አንዱንም ሠንጠረዥ በቻርት ጄኤስ እንደገና ሠራኋቸው፤ እርሱ ኤምአይቲ ነው። አፓቼ ኢቻርትስም አለ፤ አማራጭ ሞልቷል። መጀመሪያውኑ አንድ ደቂቃ ወስጄ የፈቃዱን ገጽ ብከፍት ኖሮ ሁለቱን ሌሊት እተኛባቸው ነበር።

ፎንት ኦሰምም ሦስት ፈቃድ ነው ያለው፤ ኮዱ ኤምአይቲ፣ የፊደል ፋይሉ ኦኤፍኤል የሚባለው ክፍት የፊደል ፈቃድ፣ ሥዕሎቹ የባለቤቱ ስም እንዲጠቀስ የሚጠይቀው ሲሲ ባይ 4.0። የበላይ ጽሑፉን ከፋይሉ ላይ ካልፋቅህ ይበቃል። ይህ የነጻው ክፍል ነው፤ የሚሸጠው ሌላ ነው።

ብራና ፋቂ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡40

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ሽማግሌው በጣም የወደዱት ደግሞ ያንኑ የዋጋ ሠንጠረዥ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የማይፈቀድ ከሆነ ሊንኩ ለምን ይሠራል?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡47

የሚያድለው ሰርቨር ፈቃድ አይመረምርም፤ ፋይል ያቀብላል። ጄኤስዴሊቨር፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡባቸው በኤንፒኤም እና በጊትሀብ ላይ የተጫነውን ሁሉ ይሰጥሃል፤ እዚያ ላይ ማንም ያሻውን መጫን ይችላል። መገኘቱ ስለ ፈቃዱም ስለ ጤንነቱም አንድም ነገር አይነግርህም። የመርካቶ ተሸካሚ ያመጣልህ ዕቃ የማን እንደሆነ ተሸካሚውን ትጠይቀዋለህ?

ሰርቨር ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

ተመለስኩ። ሦስተኛውን ጥያቄ ከመጀመሬ በፊት፣ ብራና ፋቂ፣ ያ «አሮጌ ብራውዘሮችን የሚያግዝ» ያልከው መስመር ምን ይላል?

ብራና ፋቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡18

ፖሊፊል ነጥብ አይኦ። ቴምፕሌቱን የሠራሁት በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሁሉም ያስገባው ነበር።

ሰርቨር ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

አሁኑኑ አጥፋው። ምሳህን ኋላ ትበላለህ። አጥፍተህ ስትመለስ ታሪኩን እነግርሃለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡55

ፖሊፊል ለአሮጌ ብራውዘሮች የጎደላቸውን እየሞላ የሚልክ፣ የተከበረ፣ ክፍት አገልግሎት ነበር። ኮዱን የጀመሩት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) እና የጊትሀብ መለያው ፈንነል ለተባለ የቻይና ኩባንያ ተሸጠ። ፕሮጀክቱን የፈጠረው ሰው ያን ጊዜውኑ ወጥቶ የዛሬ ድረ ገጾች ይህ አገልግሎት አያስፈልጋቸውም፣ አውጡት ብሎ አስጠነቀቀ። የሰማው ጥቂት ነው። በጁን የደኅንነት ተመራማሪዎች ጉዱን ይፋ አደረጉ፤ ከ100,000 በላይ ድረ ገጾች የሚጠሩት ያ አድራሻ ጎብኚዎችን ወደ ስፖርት ውርርድ ገጽ የሚወስድ ኮድ እየላከ ነበር።

የሚያስፈራው አደራረጉ ነው። ለሁሉም አይልክም። የተወሰኑ የሞባይል ስልኮችን ይመርጣል፣ ሰዓት ይመርጣል፣ የገጹ አስተዳዳሪ የመሰለውን ጎብኚ ካየ ዝም ይላል። አንተ ቢሮህ ሆነህ በኮምፒውተርህ ስትከፍተው ሰላም ነው። ደንበኛህ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ቀለበት ሊያይ ሲከፍት ውርርድ ቤት ይገባል። ከዚያ ለባለቤቱ ደውሎ «ምን ዓይነት ድረ ገጽ ነው ያላችሁ?» ሲል አንተ ከፍተህ «ምንም የለም» ትላለህ።

ዶሜይኑ በዚያው ሰሞን ስለታገደ የአንተ መስመር የሞተ አድራሻ ሲጠራ ነው የከረመው፤ ዕድለኛ ነህ። ልብ በል፤ ፈቃዱ መጀመሪያም ኤምአይቲ ነበር፣ በኋላም ኤምአይቲ ነው። ከኮዱ ባለቤትነት ላይ አንድም ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፤ የበሩ ቁጥር ግን ያው ነው።

ሰባራ ባቡር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

እሺ፣ ደነገጥን። ታዲያ ምን ይሁን? ሁሉንም ፋይል አውርዶ የራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ? የብሪቲሽ ኤርዌይስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሌቦች የገቡት በማንም ነጻ ሰርቨር በኩል አልነበረም። ሞደርናይዘር የሚባለው ላይብረሪ አየር መንገዱ ራሱ ያስቀመጠው ፋይል ነበር፤ ሌቦቹ መጨረሻው ላይ 22 መስመር ጨመሩበትና የደንበኛውን ካርድ ቁጥር እየቀዱ ወሰዱ። ቅጣቱ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። የእኛ ርካሽ ሆስቲንግ ከእነርሱ ይጠነክራል?

ደግሞስ ራስህ ያስቀመጥከውን ማን ያድሰዋል? ጄኬሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ስሪት 3.5.0 ሲወጣ የደኅንነት ቀዳዳ ደፍኗል። ስንቱ የአዲስ አበባ ድረ ገጽ እስከ ዛሬ አንድ ነጥብ ምናምን ላይ ተኝቷል?

ሰርቨር ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡05

የመጀመሪያው ነጥብህ እውነት ነው። የራስህ ቤት ስለሆነ ብቻ ሌባ አይገባም ማለት አይደለም። ልዩነቱ የበሮቹ ቁጥር ነው። የራስህን ሰርቨር ለማንኛውም መጠበቅ አለብህ፤ ከአምስት ቦታ ስትጠራ ግን የአምስት ሌሎች ሰዎች በር በአንተ ገጽ ላይ ይከፈታል።

ሁለተኛው ግን አያዋጣህም። ከውጭ ስትጠራም ስሪቱን በቁጥር ነው የምትጠራው፤ 3.4.1 ብለህ ከጻፍክ እስክትለውጠው ድረስ 3.4.1 ነው። ቁጥር ሳትጽፍ «የቅርቡ» ካልክ ደግሞ አንድ ሌሊት አዲስ ስሪት ወጥቶ ገጽህ ይፈርሳል። የጄኬሪ ሰዎች ራሳቸው «ላቴስት» (የቅርቡ) የሚለውን አድራሻ እ.ኤ.አ. በ2014 ስሪት 1.11.1 ላይ አቁመውታል፤ የስንቱ ገጽ እንደሚፈርስ ስላወቁ ነው። እየጠራሁ ነውና እየታደሰልኝ ነው ብሎ የሚተኛ ሰው የተኛው እዚያ ላይ ነው።

ሰንጋ ተራ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

በአጭሩ፣ ከክፍያ ሥርዓት ወገን። የካርድ ክፍያ ደረጃው ፒሲአይ ዲኤስኤስ እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የክፍያ ገጽ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት (ኮድ) ሁሉ በመዝገብ እንዲያዝ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ እንዲጻፍ፣ አለመነካካቱ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። የአንተ ክፍያ በቴሌብር እንጂ በካርድ ስላልሆነ አይመለከትህም። ሐሳቡን ግን ውሰደው፤ ቀብድ መክፈያው ገጽ ላይ የፎቶ ማንሸራተቻ ምን ያደርጋል?

እንግዳ ተቀባይ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

ስለ ሌባ ብዙ አወራችሁ። እኔ ያለ ምንም ሌባ የተዋረድኩበትን ልንገራችሁ።

ስታዲየም አካባቢ ባለ ሆቴል የአይቲ ሠራተኛ ነበርኩ። የክፍል መመዝገቢያው ሰርቨር ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ከእርሱ እስከ ተቀባይዋ ኮምፒውተር ያለው ሽቦ ስምንት ሜትር አይሞላም። አንድ ቀን ደጃችን ላይ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተበጠሰ። እኔ ተረጋግቼ ነበር፤ የእኛ ሥርዓት ኢንተርኔት አይፈልግም ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ስንት ጊዜ ፎክሬያለሁ።

ገጹ ተከፈተ። ነጭ ወረቀት ላይ የተበተነ ሰማያዊ ጽሑፍ ሆኖ። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ይታያል፤ ቢጫኑት ግን አይንቀሳቀስም። ስም ሲጻፍበት የነበረው መስኮት የለም። ቡትስትራፕም ጄኬሪም ከባሕር ማዶ ይጠሩ ነበርና። ስምንት ሜትር ርቀት ላይ ያለው መረጃችን ሌላ አህጉር ካለ ፋይል ይሁንታ ይጠብቅ ነበር። ለስብሰባ የመጡ ሠላሳ እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እኛ ደብተር አሰምረን በእስክሪብቶ መዘገብናቸው። ሥራ አስኪያጁ ምንም አልተናገሩኝም። ደብተሩን ግን እስከምለቅ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውት ነበር።

ሁለቱ ፋይሎች ተጨምቀው ሲላኩ ስንት ነበሩ መሰላችሁ? ጄኬሪ ብቻውን 30 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ በዋትስአፕ ከምንላላከው አንድ ፎቶ ያንሳል።

ሰባራ ባቡር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ደብተሩ ገደለኝ። እሺ፣ ለውስጥ ሥርዓት ተቀበልኩ። ለሕዝብ ድረ ገጽ ግን ፍጥነቱስ? ጎብኚው ሌላ ገጽ ላይ ጄኬሪን ከጉግል ካወረደ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ የእኔን ገጽ ሲከፍት ድጋሚ አያወርድም። የዳታ ጥቅል ለሚቆጥር ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ነበር። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ክሮም ከ2020 መጨረሻ፣ ፋየርፎክስ ከ2021 መጀመሪያ ወዲህ የአንዱን ድረ ገጽ የተቀመጠ ፋይል ለሌላው አያውሱም። አንድ ገጽ ሌላ ቦታ ምን ስትጎበኝ እንደነበር በዚያ በኩል እንዳይሰልል ነው የለዩት። ስለዚህ አንተ ጋ የመጣ ጎብኚ ፋይሉን እንደ አዲስ ያወርዳል፤ ከዚያም በላይ ለእያንዳንዱ የውጭ ዶሜይን አድራሻ መፈለግና ምስጢራዊ ግንኙነት መጀመር አለበት። በእኛ መስመር ያ ደጅ መጥናት ከፋይሉ ይልቅ ይረዝማል። ምክርህ ልክ ነበር፤ ዕድሜው ነው ያለፈው።

የልደታው ጠበቃ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ስለ ፊደሉ ያነሳ ስለሌለ እኔ ላንሳው። ገጹ ከጉግል ፊደል ሲጠራ የጎብኚው የኢንተርኔት አድራሻ ወደ ጉግል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት አንድ የድረ ገጽ ባለቤት ያለ ጎብኚው ፈቃድ ይህን በማድረጉ 100 ዩሮ እንዲከፍል ፈርዷል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱ ግን ያስተምራል፤ ፊደሉን ራስህ ማስቀመጥ እየቻልክ ለምን ላክኸው ነው ያለው። ያ የጀርመን ነው። እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የግል መረጃን ከአገር ስለማስወጣት የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ወርቅ ቤት ደግሞ የደንበኛውን ስም ለጎረቤት እንኳ የማያነሳ ንግድ ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ኦኤፍኤል ነው፤ አውርደህ ከገጽህ ጋር ብታስቀምጠው የሚከለክልህ የለም። የሚከለከለው ፊደሉን ብቻውን መሸጥ ነው። የእኛ ፊደል ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ከላቲኑ ይከብዳል፤ የማትጠቀምበትን ውፍረት ሁሉ አትጫን፣ ሁለቱ ይበቃሉ። ገጹም ፊደሉ እስኪመጣ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቅ፣ ስልኩ ባለው ፊደል ጀምሮ ኋላ እንዲለውጥ አድርገው።

ብራና ፋቂ (ክሩን የከፈተ) · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

ሃይቻርትስ ወጣ፣ ቻርት ጄኤስ ገባ። ፖሊፊል ጠፋ። ጄኬሪን ለምን እንደምጠቀምበት ራሴን ጠየቅሁ፤ አንድ ማውጫ ለመክፈትና ለመዝጋት ነበር። በዘጠኝ መስመር ራሴው ጻፍኩት። ቡትስትራፕ፣ ምልክቶቹና ፊደሉ እኛው ሰርቨር ላይ ተቀመጡ። ቀብድ መክፈያው ገጽ ላይ ከእኔ ኮድ ሌላ ምንም የለም። ከውጭ የሚጠራ አንድ ብቻ ቀረ፤ ጎብኚው ሲፈልግ የሚከፈት የፎቶ ማጉያ ነው። እርሱን በቁጥር ከተወሰነ ስሪትና ከአሻራው ጋር አሠርኩት። አዲስ ለሆናችሁ፦ ከሊንኩ ጎን የፋይሉን የኤስኤችኤ-384 አሻራ ትጽፋላችሁ፤ ብራውዘሩ የመጣለትን ፋይል ራሱ አስልቶ ከዚያ ጋር ያመሳክራል፤ አንዲት ነቁጥ ብትለወጥ ኮዱን አያስኬደውም። እንደ ፖሊፊል ለእያንዳንዱ ብራውዘር የተለያየ ፋይል ለሚልክ አገልግሎት ግን አይሠራም፤ የጉግል ፊደል ማዘዣውም እንደዚያው ነው።

ይህን ለሽማግሌው በደንብ አስረዳለሁ ብዬ «ጋሼ፣ ልክ እንደ እርስዎ ሚዛን ነው» አልኩ። «የመጀመሪያ ቀን መዝኜ ቁጥሩን ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ በዚያ ይመዘናል። ቅንጣት ቢለይ ይመለሳል።»

«ጎሽ። የመጀመሪያውን ቀን የመዘንከውንስ አንብበኸዋል?»

«ሙሉውን አላነበብኩትም።»

«እንግዲያው ክብደቱን ነው እንጂ ካራቱን አታውቅም» አሉ።

የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩት፤ ስምንት መቶ መስመር ገደማ ነው፤ አራት መቶው ላይ ደርሻለሁ። እስካሁን ፎቶ ከማጉላት ሌላ የሚያደርገው የለም።

ሰንጋ ተራ · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡02

እኚህን ሽማግሌ ለእኛ መሥሪያ ቤት ኦዲት ክፍል ይቀጥሩልን።

ሰባራ ባቡር · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡10

ክፍያውስ? ተቀበልክ?

ብራና ፋቂ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡20

ተቀበልኩ፤ ግን አንድ ሥራ ጨመሩብኝ። «ማንን አስፈቀድክ» ላሉት መልሱ ወረቀት እንዲሆን ፈልገው ፈቃዶቹን በሙሉ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አንድ በአንድ አገላብጠው የቻርት ጄኤስን የኤምአይቲ ፈቃድ መረጡና በፍሬም አስገብተው ከንግድ ፈቃዱ በስተግራ ሰቀሉት። እንግሊዝኛ የማያነቡ ደንበኞች ከውጭ አገር የተላከ የወርቅ ጥራት ማረጋገጫ ይመስላቸዋል። ጋሼም አያርሟቸውም።